ለአንድ ድምፅ የተሠራ ፍርግርግ

አናጢው ሚስቱን ከቀበረ በኋላ የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ነበረች፤ እሷም መነኮሰች። ከሦስት መነኩሲት እህቶች ጋር አዲስ የካቶሊክ ገዳም መሥርተው፣ ሰው ከማይገባበት እነሱም ከማይወጡበት ግቢ ዘግተው ተቀመጡ። ጸሎት ቤቱን ለመነኮሳቱና ከውጭ ለሚመጣው ምእመን ለሁለት የሚከፍለውን የእንጨት ፍርግርግ የሠራው እሱ ነው። ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅምና ዓይን እንዳያሳልፍ አድርጎ አጠበቀው።

ድምፅ ግን ያሳልፋል። ልጁ ዜማ አይሆንላትም፤ አራቱ ሲዘምሩ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ታፈነግጣለች። እሱም ከኋላ ተቀምጦ «ይቺ የኔዋ ናት» ይልና ባዶ ቤቱ ይገባል።

ገዳሙ እያደገ ሄደ። አዲስ ልጅ በመነኮሰች ቁጥር ለዘማሪዎቹ ወንበር ጨምርልን ይሉታል። «ከተማው አናጢ አለቀበት?» እያለ እየተነጫነጨ ይሠራል። ወንበሩ ሲበዛ ድምፁም በዛ፤ የልጁን ለመለየት አንገቱን ማስገግ ጀመረ።

ዛሬ ሌላ ወንበር ሲያስረክብ እመምኔቷ ከፍርግርጉ ማዶ፣ «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አሉት። «ልጅዎን በስንት መከራ ዜማ አስተማርናት። አሁን ድምጿ ከእህቶቿ አይለይም።»

አናጢው መጋዙን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«ማን አስተምሩልኝ አላችሁ?»