በአራት ኩርፈኞች መካከል

ኢቦያ ኬሬኬሽ በጅዮር ከተማ ባለው የባቡር በር ፋብሪካ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ ስም የለውም። ወረቀቷ ላይ «የሰነድ ባለሙያ» ይላል፤ ውሸት ነው። በሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጻፍበት አንድ ፕሮግራም አለ፤ ንድፉ የሚሳለው በሌላ ነው፤ ኮዱ የሚጻፈው በሦስተኛ፤ የሚፈተነው በአራተኛ። አራቱም እንደተኳረፉ ዘመዳሞች አይነጋገሩም። አንዱ ጋ የተለወጠውን ለሌላው የምታደርስ ኢቦያ ናት። አንድ ቁጥር ከተቀየረ አራቱም ጋ እየዞረች በእጇ ትቀይራለች። ያደረገውን ሳይነግራት የሚቀር መሐንዲስ ካለ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ፖጋቻ የሚባል ጨው ያለው ትንሽ ዳቦ ጋግራ ታመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱን በልቶ ምስጢር የደበቃት ሰው እስካሁን አልተወለደም።

በመጋቢት ዶክተር ባርናባሽ የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ከቡዳፔስት መጣ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ሲናገር እጁ አያርፍም፤ ሰሌዳው ላይ ሳጥንና ቀስት ይስላል።

«ከእንግዲህ አንድ ሞዴል ብቻ ነው፣ እትዬ ኢቦያ! በሩን እዚያ ላይ አንዴ እንስለዋለን። ኮዱም፣ ፈተናውም፣ ሰነዱም ከሞዴሉ በራሱ ይወጣል። አንድ ቁልፍ መጫን ነው!»

«እኔስ? ሥዕሉ ላይ የት ነኝ?»

ባርናባሽ ሥዕሉን አየው። ምስኪን፣ ከልቡ ፈለጋት።

«እርስዎ... እነዚህ ቀስቶች ነዎት» አላት።

ቀስት መባሉስ ይሁን። እዚያ አገር ሴት አርባ ዓመት ከሠራች ጡረታ ትወጣለች፤ ከዚህ ፋብሪካ በፊት የሠራችው ተደምሮ ኢቦያ የቀራት አሥራ አራት ወር ነው። አለቃዋ አቶ ስልቬስተር ግን ቁርጡን ነግሯታል። «ሐሙስ ለባቡር ድርጅቱ መርማሪ እናሳያለን። ከሠራልን፣ ኢቦያዬ፣ አንቺን የማስቀምጥበት ወንበር የለኝም።» በስድሳ ዓመቷ ማን ይቀጥራታል? ማንም!

የሚያናድደው ደግሞ ባርናባሽን ያስተማረችው ራሷ መሆኗ ነው። ሦስት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ ጠየቃት፤ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ማታ ማታ ድመቷን «የኔ ያለች ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትላታለች።

ባርናባሽ አንድ ሃይማኖት ነበረው። ከሞዴሉ በሚወጣው እያንዳንዱ የኮድ ፋይል አናት ላይ «በእጅ አትንኩ!» ብሎ ጽፏል። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ኮዱ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ በእጅ የተስተካከለው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ማስተካከል የፈለገ ሞዴሉን ያስተካክል፤ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት ኢቦያ እንደ ልማዷ ሞዴሉንና ኮዱን ስታስተያይ ዓይኗ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። በሩ በምን ያህል ኃይል ሲገፋ ሰው መያዙን ማወቅ እንዳለበት የሚናገረው ቁጥር ኮዱ ላይ 150 ነው፤ ሞዴሉ ላይ ግን 1500! አንድ ሰው ስህተቱን አይቶ፣ ቸኩሎ፣ ኮዱን ብቻ በእጁ አርሟል። የአራሚውን ስም አየች። ባርናባሽ!

«ወይ ጉድ! ካህኑ ራሱ ጾም ገድፏል» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ዛሬ ቁልፉ ሲጫን 1500 ይመለሳል፤ በሩ ያብዳል፤ መርማሪው ይሄዳል፤ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀራለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ፋይሉን ዘጋችው።

አራት ሰዓት ላይ ከመርማሪው ጋር አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ለሙከራ የቆመው የባቡር በር ተከፍቷል። ባርናባሽ ቁልፉን ተጫነ፤ ፈተናውም ከዚያው ሞዴል የወጣ ነውና ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆነ።

አቶ ስልቬስተር ትዕይንት ይወዳል። «እዩልኝ፣ በሩ ሰው ሲነካ ይመለሳል!» ብሎ እየሳቀ በሩ መሐል ቆመ። በሩ መጣ፤ ሆዱን ያዘ፤ አልተመለሰም። የሙከራዋ ሞተር ደካማ ስለሆነች አትጎዳም፤ ግን አትለቅም። የአደጋ ጊዜ እጀታው ደግሞ ቀለም ሊቀባ ተፈቶ ሄዷል።

«ባርናባሽ!»

ባርናባሽ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «እኔ... አርሜው ነበር እኮ!»

«እኔ እዚህ ተሰክቼ አንተ ታሪክ ታወራለህ?»

ኢቦያ የአለቃውን ቀይ ፊት አየች፤ ልጁ የቱን እንደሚነካ ጠፍቶት ቁልፎቹን ሲደባብስ አየች። አልቻለችም። ልጁን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሞዴሉ ላይ 150 ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች። ኮዱም ፈተናውም ሰነዱም ተከታትለው ወጡ። በሩ አለቃውን ነካ አደረገና ተመለሰ።

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «ስድስት ደቂቃ። ድሮ ቢሆን ስንት ይፈጅ ነበር?»

ኢቦያ ወደ መርማሪው ዞረች። «ሁለት ሳምንት» አለች። በገዛ አፏ!

አቶ ስልቬስተር ሸሚዙን እያስተካከለ መጣ። «እንዴት ቶሎ አወቅሽው?»

«ጠዋት አይቼው ነበር።»

«ጠዋት? አይተሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አዎ። አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ፣ አቶ ስልቬስተር። ሁለታችሁም አሳዝናችሁኝ ነው እንጂ ዝም ብዬ ላሳልፈው ነበር።» ዓይኗን እንባ ሞላው።

ባርናባሽ «እኔ ሞዴሉ ላይ መቅረቱን በደርዘን ፈታሽ ፕሮግራም ያላየሁትን...» ብሎ ጀምሮ ተወው።

አቶ ስልቬስተር ሆዱን እያሻሸ ጠጋ አላት። «አንቺ ክፉ ሴትዮ!» አላት። «ሌላ ጊዜ እንደዚህ ያለ ነገር ስታዪ፣ በሩ መሐል ከመግባቴ በፊት ንገሪኝ!»

ኢቦያ ከዚያ ሁሉ ቁጣ ውስጥ የሰማችው «ሌላ ጊዜ» የሚለውን ብቻ ነበር።