እማዬ ቆርኬ ያዩ ዕለት

ጥር ላይ ነው። ሳውላ የዘመድ ሠርግ ነበረብንና እኔ፣ ባለቤቴና እናቱ አብረን ሄድን። አርባ ምንጭ ለትምህርት መጥቼ ሥራም ትዳርም እዚያው ካገኘሁ ወዲህ የባለቤቴን እናት እማዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሰላምታና ከ"ብይ እንጂ" ያለፈ ወሬ አልነበረንም። እሳቸው የጋሞ ደጋ ልጅ ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ጋሞኛዬ "ሳሮ" ብሎ ሰላም ከማለት አይዘልም። ብቻችንን ስንቀር ፈገግ እየተባባልን ልጃቸው እስኪመጣ እንጠብቃለን።

ሠርጉ አልፎ ስንመለስ መንገዱ በማዜ ሜዳ መካከል ያልፋል። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ፣ "ዛሬ ማንም አይጠብቀንም። ማዜ ፓርክ ጎራ ብለን ቆርኬ እንይ?" አለ። ስለ ቆርኬ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ካገራችን ውጭ የማይገኝ የዱር እንስሳ መሆኑንም አውቃለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። እኔ ገና "እሺ" ሳልል እማዬ ከኋላ ወንበር፣

"እዚያ ምን አለ? ዝንብ ነው ያለ፣ አንበሳ ነው ያለ" አሉ።

ለእሳቸው ማዜ ማለት ይህ ነበር። የተወለዱበት ተራራ ከሸለቆው በላይ ነው። በልጅነታቸው ከደጃቸው ቆመው ቁልቁል ሲያዩት በሙቀት ጉም የተሸፈነ ብጫ ሜዳ ነበር። ከብት ወርዶ ከዋለ ከዝንቡ የሚመጣው በሽታ፣ ገንዲ፣ ይዞት ከስቶ ይሞታል፤ ሰው ከወረደ ከወባ ጋር ይመለሳል። ሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ የምትወርድበት ጉዳይ የላትም። እናም ዕድሜያቸውን ሁሉ ከላይ ሲያዩት የኖሩትን ሜዳ አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም።

"እናንተ እዩ። እኔ ከመኪና አልወርድም" አሉ በመጨረሻ። በዚሁ ተስማማን።

ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት የሚሉት ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ጠባቂ አብሮን እንዲሄድ ተሰጠን። እሱ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ ኋላ ከእማዬ ጎን ሆንኩ። ከዋናው መንገድ ወጥተን በጎማ ዱካ ወደ ውስጥ ገባን። ሣሩ በየቦታው ተቃጥሎ ነበር፤ ከጥቁሩ አመድ መሐል አዲስ ለምለም ሣር ብቅ ብሏል። ዙሪያውን ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል። አንዲት ከርከሮ ከነግልገሎቿ ጅራታቸውን እንደ በትር ቀጥ አድርገው ከፊታችን ሲሮጡ እማዬ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን በመስኮቱ ወደ ተራሮቹ ነበር የሚያዩት። የትውልድ መንደራቸውን ከታች ሆነው እየፈለጉት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስካውቱ እጁን አነሣና፣ "ሞተሩን አጥፋው። ኩይሳው ላይ ተመልከቱ" አለ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ኩይሳ ብቻ ነበር። ምስጦች የቆለሉት አፈር። ከዚያ ግን ኩይሳው ላይ የቆመው ነገር አንገቱን አዞረ። በቁመት በሬ የሚያክል፣ ከፊቱ ከፍ ከኋላው ዝቅ ያለ፣ ጠይም እንስሳ ነበር። ፀሐይ ጎኑ ላይ ስታርፍ ቆዳው ሐር ይመስላል። ቀንዶቹ ከግንባሩ ወደ ጎን ወጥተው ወደ ላይ ተቀልብሰዋል። ከሥሩ መንጋው እየጋጠ ነው፤ እሱ ዘብ ቆሞላቸዋል። ምንም አላደረገም፤ ዝም ብሎ አየን። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ስንሠራ፣ ስንበላ፣ ስንተኛ ሁልጊዜ እዚህ ቆሞ እንደኖረ ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከመኪና አልወርድም ያሉት እማዬ ወርደዋል። ተከትያቸው ወረድኩ። ክንዴን ጨምድደው ያዙና፣

"መኝታዬ ነው!" አሉ።

ባለቤቴ ደንግጦ በጋሞኛ ጠየቃቸው። ለእሱ አልመለሱለትም፤ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ነገሩኝ። ሲደነቁ አንተና አንቺ ይምታታባቸዋል።

"አባቴ አዳኝ ነበር። ከዚህ ሜዳ ገድሎ ቆዳውን ያመጣል፣ መሬት ላይ ያነጥፋል። እኔና እኅቴ እዚያ ላይ ነበር የምንተኛ። ይሄ ትከሻው ላይ ያለውን ጥቁር አየኸው? እዚያ ላይ ነበር ራሴን የማደርግ። ያ ታፋው ላይ ያለው ጥቁር የእኅቴ ነበር። ደጋ ብርድ ነው፣ ታውቃለህ። እሱ ነው ያሞቀን።"

"ታዲያ ቆርኬ መሆኑን አያውቁም ነበር?" አልኳቸው።

"ስሙን አውቃለሁ። ግን ቆዳ ፊት የለውም፣ ልጄ። እኔ ላም ነበር የሚመስለኝ።" ዓይናቸውን ከኩይሳው አላነሡም። "እንዲህ ያለ ረጅም ፊት! እንዲህ ያለ ዓይን!"

ስካውቱ ቀስ ብለን ትንሽ መጠጋት እንደምንችል ምልክት ሰጠን። ፊት ፊት የሄዱት እማዬ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቤተ ክርስቲያን አርፍደው የገቡ ይመስል በጣም ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ነፋሱ ዞረ መሰለኝ፣ ኩይሳው ላይ ያለው ቆርኬ ዘሎ ወረደ። መንጋው በሙሉ አንድ ላይ ተነሥቶ ሮጠ። ሩጫቸው የፈረስ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ መሬቱን የናቀ ዓይነት ሩጫ ነው። የኮቴያቸው ድምፅ በእግሬ በኩል ወደ ሆዴ ገባ።

አለቀ ብለን ልንመለስ ስንል፣ ከፊታችን ድንጋይ ነው ብዬ በዓይኔ ያለፍኩት ነገር ጆሮውን አንቀሳቀሰ።

ግልገል ነበር። ሣሩ ውስጥ ተጣብቆ ተኝቶ፣ ቀለሙ የደረቀ ሣር ይመስላል። በቀጫጭን እግሮቹ እየተንገዳገደ ተነሣና ቆመ። ስካውቱ በሹክሹክታ "እንዳትነቃነቁ" አለ። መንጋው ርቆ ቆሟል። ከመንጋው አንዷ ተለይታ ወደ እኛ መጣች። ትሮጥና ትቆማለች፤ ትሮጥና ትቆማለች። ቅርባችን ስትደርስ በአፍንጫዋ ኃይለኛ ትንፋሽ አወጣችና ፊት ለፊት አየችን። ፍርሃቷ ከጎኗ ትርታ ያስታውቃል፤ ግን አልተመለሰችም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ምን እንደተማርኩ ለእሷ ምኗም አልነበረም። ከልጇ ጎን የቆምኩ ፍጥረት ነበርኩ፤ ያን ያህል ብቻ።

እማዬ ትልቅ እንግዳ ሲገባ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሳሮ" አሏት። "ሳሮ፣ ሳሮ።"

ግልገሉ ሄዶ ሆዷ ሥር ገባ። አሸተተችውና ዞረች፤ ልጇን ከፊቷ እያስኬደች በዝግታ ወደ መንጋው ሄደች። ሣሩ ሲሸፍናቸው እማዬ እዚያው አመዱ ላይ ተንበረከኩ። ጸሎታቸው በጋሞኛ ስለነበር "ጌታ" ከሚለው ቃል በቀር አልገባኝም። ባለቤቴ ግን ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እኔም ከጎናቸው ተንበረከክኩ። እንዳልረብሻቸው ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

በመንገድ ሶዶን እስክናልፍ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ነበሩ። የተቆጡ መስሎኝ ደጋግሜ አየኋቸው። ፊታቸው ግን ገና ከዚያ ሜዳ አልተመለሰም ነበር።

ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ ሙዝ ለመግዛት ቆምን። ሻጮቹ ሴቶች እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ከበቡት። እማዬ ወርደው ከአንደኛዋ ጋር በጋሞኛ ዋጋ መከራከር ጀመሩ፤ ከዚያ በመሐሉ ዋጋው ተረሳ። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ወደ ታች ሳቡት፤ ረጅም ፊት። ጣቶቻቸውን ከግንባራቸው ወደ ጎን አውጥተው ወደ ላይ ቀለበሱ፤ ቀንድ። ሴቶቹ ሙዛቸውን መሬት አስቀምጠው ቀረቡ። አንዲት አሮጊት አፏን በእጇ ይዛ ትሰማለች።

"ምን እያሉ ነው?" አልኩት ባለቤቴን።

ሊተረጉምልኝ አፉን ከፈተና ተወው። አያስፈልግም ነበር። እማዬ ደረታቸውን ገልብጠው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ መንገዱ ዳር ባለች ድንጋይ ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ከፊታቸው የተሰበሰቡትንም ሴቶች ከላይ ሆነው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ አዩዋቸው።