ሐንቱሽ ያልመለሰው ጥያቄ

ሐንቱሽ ገበያ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር። እኔም የምሄደው ጎረቤቱ ስለሆንኩና ብቻውን ከተላከ ባዶ ዘንቢል ይዞ ስለሚመለስ ነው። ቲማቲም ሻጩ ፊት ይቆማል፤ አንዱን ሣጥን ይነካል፣ ሌላውን ይነካል። ከዚያ እጁ ወደ ረጅም ቀሚሱ፣ ወደ ዲሽዳሻው ኪስ ይገባና መቁጠሪያው፣ ሙስበሃው ይወጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ከዶቃዎቹ የተወሰኑትን ጨበጥ ያደርግና ሁለት ሁለት እያለ ይቆጥራል። መጨረሻ ላይ አንድ ከቀረች አድርግ ማለት ነው፤ ሁለት ከቀሩ ተው።

"ሐጅ፣ አንተ ቆጥረህ እስክትጨርስ ቲማቲሜ ድልህ ሆነ" ይለዋል ሻጩ።

ሐንቱሽ አይቆጣም። ሁለት ቀርቶበት ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል።

በእኛ አገር በአቡል ኸሲብ ኢስቲኻራ የማያደርግ፣ አላህን በዶቃ ምክር የማይጠይቅ ሰው የለም። ልጅ ለመዳር፣ ቤት ለመሸጥ፣ ቢላ የሚያስነካ ሕመም ሲመጣ ሁላችንም የሃይማኖት አባታችን ሰይድ ሙህሲን ዘንድ እንሄዳለን። የቱን እግር አስቀድሜ ጫማ ውስጥ ላግባ ብሎ የሚቆጥር ግን እሱ ብቻ ነው። አንዴ ሰይዱ ራሳቸው ገበያ ውስጥ ደርሰውበት ሙስበሃውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ሐንቱሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ጭንቅላትህን ጠይቅ። ከዚያ ሰው ጠይቅ። ሁለቱም ሲያቅታቸው ነው ይሄ። አላህን በቲማቲም አታስቸግረው።"

"እሺ ሰይዳችን" አለ። ሰይዱ ጥግ እንደታጠፉ እሺ ማለቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ቆጠረ።

አንድ ዓመት ደግሞ የተምር ዛፎቹን አስመከነ። እንስቶቹ አበባቸውን ከፍተው የወንዴውን ብናኝ በእጅ እስኪነሰንሱባቸው ሲጠብቁ እሱ የመውጫ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሥራቸው ቆሞ ይቆጥራል። ዛሬ ሁለት ቀረ፤ ነገም ሁለት ቀረ። አንድ በቀረችለት ዕለት ሲወጣ አበባው ደርቆ ነበር። ያን ዓመት ዘለላው ሁሉ ፍሬ የሌለው ገለባ ሆኖ ቀረ፤ ጎሾቹ እንኳ አሽትተው ተዉት።

ሰው ይስቅበታል፤ እኔም እስቅበታለሁ። ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቦይ ዳር ተቀምጦ ያየሁት ጊዜ ሳቄ ይጠፋል። ቦዩ አሁን ጨዋማ ጭቃ ነው። ጀልባ ካለፈበት ዘመናት ተቆጥረዋል። ሐንቱሽ ግን ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። የጀልባ ሰንሰለት እንጨት ላይ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከዚያ አንዲት ሴት ትጠይቀዋለች።

ሴትዮዋ ተስዋሂን ናት፣ ሚስቱ። በጦርነቱ ጊዜ መድፍ ከወንዙ ማዶ እየመጣ ሠፈሩ ሲሸሽ፣ ተስዋሂን ጡት የምትጠባ ልጇን ታቅፋ፣ እዚሁ ቦይ ውስጥ በሰንሰለት በታሰረው ጀልባቸው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐንቱሽ ዳር ቆሞ ቆጠረ። ሁለት ቀረ። እንደገና ቆጠረ፤ ሁለት። እኔ ከኋላ ባለችው ጀልባ ሆኜ "ኧረ ሰውዬ!" እያልኩ ነበር። እሷ አልጮኸችም። እንደ ወትሮዋ ረጋ ብላ "ሐንቱሽ፣ እንሂድ ወይስ እንቆይ?" አለችው። እሱ ሦስተኛውን ጀመረ። ያኔ ነው የመድፍ ጥይት ወድቆ ውሃው የፈነዳው።

ልጅቷን እኔ ነኝ ያወጣኋት። ተስዋሂንን ውሃው በማግስቱ አወጣት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሙስበሃውን ወንዝ ውስጥ ይወረውር ነበር። ሐንቱሽ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጨርሶ ከእጁ አልለየውም። እኔ በጂንና በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም። ሆኖም አንድ ምሽት ጨው ልበደር ሄጄ እሱ አጠገብ ቆሜ ያንን ሰንሰለት ሰምቻለሁ። ጨዉን ሳልወስድ ተመለስኩ፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም።

ልጅቷ ነጅያ አደገች፤ ሠላሳንም አለፈች። እንደ እናቷ ረጋ ያለች፣ እንደ እኔ ምላሰኛ ሆነች፤ ምላሱን ከእኔ ቤት ነው የወሰደችው። የሞተር ጀልባ የሚጠግን ዒዳን የሚባል ጨዋ ሰው ፈለጋት፤ እሷም ፈለገችው። ዒዳን በደንቡ መሠረት ሽማግሌዎቹን ላከ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሻይ ይቀርባል፣ ሽማግሌው ግን አይነካውም። የልጅቷ አባት "ሻያችሁን ጠጡ" ካለ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ካላለ ሻዩ እንደተቀዳ ይቀራል፤ እንግዶቹም ይነሳሉ።

መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሐንቱሽ ኪሱ ውስጥ ቆጠረ፤ ሁለት ቀረ። ሻዩ ቀዘቀዘና ሄዱ። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጅ ሙዛሒም በር ላይ እኔን ጠራ አድርጎ "ንገረው፤ ሦስተኛ እንመጣለን፣ ለዒዳን ስንል። አራተኛ ግን የለም" አለኝ።

ነጅያ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ብቻ የምትፈልገውን ሥጋ ያጣች ድመት መስላ ቤቱን ዞረችው። ከዚያ አባቷን በምሳ ታለማምደው ጀመር።

"አባ፣ ዓሣ ወይስ ዶሮ?"

እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

"እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ፣ ዓይኔ። በአፍህ ንገረኝ።"

ሐንቱሽ ያልበዋል። "ዓሣ" ይላል በመጨረሻ። ቆይቶ ደግሞ "ዶሮ ብል ይሻል ነበር እንዴ?" ይላል።

"ዓሣው ተበላ፣ አባ። ማንም አልሞተም።"

ይህን ያለች ዕለት ሐንቱሽ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አደረገው። እሷም ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ቦዩ ዳር ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ቁርጡን ጠየቅሁት።

"ዒዳንን ትጠላዋለህ?"

"ጥሩ ልጅ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስፈራሃል?"

"እሺ ብል ቢጎዳትስ? እምቢ ብል ብቻዋን ብትቀርስ?"

"ሰውዬ፣ እሷ እኮ ልቧ ቆርጧል። የቀረኸው አንተ ነህ።"

ከዚያ ጭቃውን እያየ፣ ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ያልሰማሁትን ነገረኝ።

"ሁሉም ሰው ሙስበሃው ገደላት ይላል። ሙስበሃው ግን መሄዱን ተው ነው ያለኝ። እሱን ብሰማ 'ውረጂ' እላት ነበር፤ ትተርፍ ነበር። 'ሂጂ' ብላትም ጀልባው ርቆ ትተርፍ ነበር። ሁለቱም ያድናት ነበር፣ ወንድሜ። እኔ ግን መሐል ላይ አስቀመጥኳት።"

እውነቱን ነው። በዚያ ላይ እንዲያ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደገና መሐል ላይ ይቆማል? ተናደድኩበት፣ አዘንኩለትም።

በማግስቱ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ መጡ። እኔ ከሐንቱሽ ጎን ተቀመጥኩ። ዒዳን በር አጠገብ አንገቱን ደፍቶ፣ በጥፍሩ ስር የሞተር ግራሶ እንዳለ፣ ጉልበቱን ይዞ ነበር። ሻይ ቀረበ። ሐጅ ሙዛሒም የመጡበትን ነገር ባማረ አንደበት ተናገረ፤ ብርጭቆው ፊቱ እንፋሎቱን ይተፋል።

የሐንቱሽ እጅ ወደ ኪሱ ገባ።

ሁላችንም አየን፤ ሁላችንም እንዳላየን ሆንን። ዶቃው ቀጭ ሲል ይሰማል። እንፋሎቱ ቀጠነ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እንፋሎቱ ጠፋ። ሐጅ ሙዛሒም ካባውን፣ ዐባያውን ትከሻው ላይ ሰብሰብ አደረገ፤ ሊነሳ መሆኑ ነው።

ያኔ ሴቶቹን ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ ነጅያ ተናገረች። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር።

"አባ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። ልቀይረው ወይስ ይቆይ?"

እናቷ ያለችውን ማንም ነግሯት አያውቅም። እኔ አልነገርኳትም፤ እሱም። ሻዩን ነው የጠየቀችው። ሐንቱሽ ግን ከንፈሩ ነጣ። ወደ መጋረጃው ሳይሆን ወደ ጓሮው በር፣ ወደ ቦዩ ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ የተሰማን ሰንሰለቱ ነበር፣ በቀን ብርሃን።

እጁን ከኪሱ አወጣ። ጭብጡን ሳይቆጥረው ፈታው፤ ሙስበሃው ምንጣፉ ላይ ወደቀ። አንድ ይቅር ሁለት ዛሬም አላውቅም።

"ይቆይ፣ ልጄ" አለ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ "ሻያችሁን ጠጡ" አለ።

ሐጅ ሙዛሒም እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቶ እስከ ስኳሩ ጨለጠው። ዒዳን ቸኩሎ ሲጠጣ ደረቱ ላይ አፈሰሰ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴቶቹ እልልታ ቀለጠ።

ሐንቱሽ ሌላ ሰው አልሆነም። ቲማቲም ላይ ዛሬም ያስቸግራል። ሙስበሃውም ኪሱ ውስጥ ነው፤ አሁን ግን ከሶላት በኋላ፣ ለምስጋና ብቻ ነው የሚያወጣው።

የዚያኑ ዕለት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቦዩ ዳር አገኘሁት። ጫማውን አውልቆ እግሩን ጭቃው ላይ አድርጓል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንም አይሰማም፤ እንቁራሪት እንኳ ዝም ብሏል።

"መጥታ ነበር?" አልኩት።

"መጥታ ነበር። ያንኑ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ሂጂ አልኳት" አለ።

ከዚያ ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ።