በአስቴር ካራቫን ውስጥ የተገኘው ክር

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ካራቫን ጎማ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በጭቃ ቤት ውስጥ አንድ ሽቦ ያለቦታው ቢገባ ጉዳቱ እዚያው አካባቢ ሊቀር ይችላል፤ በካራቫን ውስጥ ግን በሩም፣ ደረጃውም፣ ግድግዳውም ሰው ይነዝራል። ስለዚህ የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህን ከያዛችሁልኝ ቀሪውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ በከተማችን ሲቀላ ሠፈር ወደሚገኘው የአስቴር ካራቫን ስደርስ ሁለት ሴቶች ደጁ ላይ ቆመዋል። አንዷ ራሷ አስቴር ናት፤ ሌላዋ ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘነበች። እግራቸው ሥር አንድ ሳህን ተቀምጧል... ሳህኑ ላይ ዓርብ ዕለት ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ያሰርኳቸው ክሮች በሙሉ ተቆልለዋል።

አስቴር ከገረሴ የመጣች ልጅ ናት፤ አስተምሬያታለሁ። ካራቫኑ ደርግ ሲወድቅ የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱት ነው። ያላትን ሁሉ አውጥታ ገዛችውና አሳ ቤት ልታደርገው ተነሣች። የውስጡን ሽቦ አይጥ በልቶታል። ሁዳዴ ሰኞ ይገባል፤ ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣው አሳም ለሰኞ ታዟል። በእኛ ከተማ ሙቀት ያለ ፍሪጅ አሳ ግማሽ ቀን አይቆይም። ጡረተኛ የኤሌክትሪክ መምህር ደግሞ ሥራ አያጣም፤ እሺ አልኳት።

ችግሩ በከተማው ሱቆች የተገኘው ሽቦ ጥቁር ብቻ መሆኑ ነበር። ከአንድ ሸማኔ የክር ቁርጥራጭ ለመንኩ። ኃይል ለሚያመጣው ቀይ፣ ለሚመልሰው ሰማያዊ፣ ወደ መሬት ለሚወርደው አረንጓዴ ክር በሁለቱም ጫፍ አሰርኩ። በውጭው ቆርቆሮና በውስጠኛው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ መካከል፣ በቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ በአልጋው ሥር እያሳለፍኩ ዘረጋሁት። አስቴር ያን ቀን ሐይቁ ዘንድ ስለነበረች ስሠራ አላየችኝም።

«መምህር፣ አይግቡ» አለችኝ አስቴር ከደጁ። «ድግምት ተገኝቶብኛል።»

ሊጠርጉላት ገብተው ያገኙት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ሦስት ዓይነት ቀለም፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ፍሪጁ ጀርባ ሳይቀር... ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል አሉኝ። ሁሉንም በእንጨት እየለቀሙ አውጥተው ሊያቃጥሉት ነበር።

ጎንበስ ብዬ ክሮቹን በእጄ አነሣሁ። አስቴር እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «እርስዎ? በዚህ ዕድሜዎ?»

ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው አስረዳሁ። አስቴር ወዲያው ገባት፤ ግን ፊቷ አልተፈታም። ወይዘሮ ዘነበች ገና ሲነጋ ወሬውን ቦኖ ውሃ ላይ አድርሰውታል። ሠፈሩ ሰምቷል።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «ሽቦው ይሠራ ይሆናል፤ ሰኞ ግን ማን ይገባልኛል?» አለች።

የማውቀውን ሥራ መቀጠል ነበረብኝ። ምልክት የሌለውን ሽቦ እንደገና ለመለየት በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አስቴር ከደረጃው ልትነሣ አልፈለገችም። ወይዘሮ ዘነበች «እኔ እገባለሁ፤ ምን እንደሚሠሩ በዓይኔ ልየው» አሉና ጠበል የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለው ተነሡ። ጀሪካኑን ውጭ እንዲተዉልኝ ለመንኳቸው።

«ጠበል ይፈራሉ እንዴ?»

«ጠበሉን አይደለም እትዬ፤ ውሃውን ነው።»

ሽቦዎቹ ገና ከመብራት ጋር አልተገናኙም፤ ያለኝ የባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል ነው። እሳቸው በዚያ ጫፍ አንዱን ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ያነካካሉ፤ እኔ በሩ አጠገብ በዚህኛው ጫፍ ባትሪውን ከቆርቆሮው ጋር አያይዤ፣ ሽቦዎቹን በየተራ እየሞከርኩ አምፖሉን የሚያበራውን እፈልጋለሁ። ሲገኝ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ክር እናስራለን። መጀመሪያ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ነበር የነኩት። አምፖሉ ሲበራ «በራ?» አሉ ከውስጥ። «በራ» አልኩ። «ቀዩን ልቋጥርበት?»... ወደ መጨረሻው ነጠላውን ትተው፣ የኔ ቋጠሮ እንደሚላላ ይነግሩኝ ጀመር።

በዚህ መሐል ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ የሚመጣ ባለጋሪ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ወይዘሮ ዘነበች ቁም ሣጥን ውስጥ ተንበርክከው፣ ቀይና አረንጓዴ ክር በጥርሳቸው ይዘዋል።

«እትዬ ዘነበች... እርስዎም ጀመሩ?» አለ።

ክሩን ከአፋቸው አወጡ። ከዚያ ተነሥተው ወጡና ባለጋሪውን ክንዱን ይዘው አስገቡት።

«ይሄ ኃይል ያመጣል። ይሄ ይመልሳል። ይሄ ወደ መሬት ይወርዳል። ያልገባህን ጠይቅ እንጂ ስሜን አታጥፋ።»

በማስተማር ዘመኔ ከዚህ ባጠረ ቃል አስረድቼ አላውቅም። ይህም አልበቃቸውም፤ የባለጋሪው ወሬ እንዳይቀድማቸው ክር የታሰረበት ቁራጭ ሽቦ ይዘው ወደ ቦኖው ገሠገሡ። ጠዋት ድግምት የተባለው ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሪክ ሆነ፤ የሠፈሩም አስረጂ እሳቸው ሆኑ።

አመሻሽ ላይ ሁሉን አገናኝቼ፣ ቆርቆሮው እንደማይነዝር በመፈተሻ አረጋግጬ ማብሪያውን ጫንኩ። ፍሪጁ ማንጎራጎር ጀመረ። አስቴር መዳፏን በፍሪጁ በር ላይ አሳረፈች።

ሰኞ ዕለት ሰው ጢም አለ። ግማሹ የመጣው ክሩን ለማየት ነው፤ ያም ቢሆን አሳ ሳይበላ አልወጣም። የኔ ሥራ ወይዘሮ ዘነበች ክሩን ለማሳየት የሶኬቱን ክዳን እንዳይፈቱ መጠበቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ጫሞ ዳር አንድ አሳ ነጋዴ የሱንም ካራቫን እንድሠራለት ጠይቆኛል። ሽቦው ዛሬም ጥቁር ብቻ ነው። ወረቀት ብለጥፍ አይጥ ይበላዋል፤ ቀለም ብቀባ ሲጎተት ይፋቃል። እዚያ ሠፈር ደግሞ ወይዘሮ ዘነበች የሉም። ማንንም የማያስደነግጥ ምልክት የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፤ ሥራው በዚሁ ሳምንት ይጀመራል።