ያስቀደምናቸው ሽማግሌ

መርሳ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አገርሽ የት ነው?» ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ማዶ ነው ስላቸው «ውይ፣ ሩቅ ነው!» ብለው ያዝኑልኛል። እኔን ያንገሸገሸኝ ግን የአገሬ መራቅ አልነበረም።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ነኝ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ማዳበሪያ የሚታደለው በሲስተም ነው ተባለ። ገበሬው መስኮቱ ጋ ቀርቦ ስሙ ይገባል፤ ደረሰኝ ይታተምለታል፤ ያንን ይዞ መጋዘን ይሄዳል። ፕሮግራሙ የተጫነው እኛው ክፍል ባለው ሰርቨር ላይ ነው። መረጃው ግን እኛ ጋ የለም፤ ሩቅ ከተማ ባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የሐዋርያት ጾም ነበር፤ ዕለቱም ዓርብ። መጋዘን የቀረው ማዳበሪያ ያን ቀን ታድሎ ያልቃል፤ ሌላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል። ከሐብሩ ዳር የመጡ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን በር ላይ አስረው ከኋላ ቆሙ። የጤፍ ማሳቸውን ደጋግመው አርሰው ጨርሰዋል፤ የጎደላቸው ማዳበሪያው ብቻ ነው። ወጣቶቹ ሲያዩዋቸው ገለል አሉ።

«አባባ፣ አንቱ ይቅደሙ!»

«ኧረ እናንተ ናችሁ ቀድማችሁ የመጣችሁ።»

«ወላሂ አይሆንም! ሽማግሌ አቁመን እኛ ልንወስድ?» ብለው እየደገፉ መስኮቱ ጋ አደረሷቸው።

መዝጋቢዋ ስማቸውን አስገብታ ተጫነች። ገጹ ላይ ያቺ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «የምላሽ ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«ይቺ ኮምፒውተር ዛሬ ጫቷን አላገኘችም» አለ አንዱ።

«የለም፣ ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትነቃም» አለ ሌላው ወደ እኔ እያየ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሽማግሌው ግን «አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ እይው» አሉኝ።

አለቃዬ «አጥፍተሽ አብሪው!» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም። ዳታቤዙ ያለበት ከተማ ደወልሁ።

«እህቴ፣ እኛ ጋ ሲነካ ይከፈታል። ኔትወርካችሁን እዪ» አለኝ እዚያ ያለው የሥራ ባልደረባዬ። እሱ የሚሞክረው ዳታቤዙ ካለበት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ ለምን አይከፈትለት!

ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ሳይ ነገሩ ገባኝ። አንድ ገጽ ለመክፈት ፕሮግራሙ የቀበሌውን ስም ሊጠይቅ እዚያ ሩቅ ከተማ ደርሶ ይመለሳል፤ ለማዳበሪያው ዓይነት እንደገና ይሄዳል፤ ለኩንታሉ እንደገና። ጨው ልትገዛ ከመርሳ ወልድያ ወጥታ፣ ቤቷ ተመልሳ፣ ለበርበሬ ደግሞ ወልድያ የምትወጣ ሴት ማለት ነው። መንገዱ ቀርፋፋ ነውና ምልልሱ ሳያልቅ የእኛው ሰርቨር መጠበቅ ይሰለቸውና ያቋርጣል።

የማይለዋወጡትን ነገሮች እኛው ጋ አስቀመጥሁ፤ የቀረውን በአንድ ጉዞ ጠይቆ እንዲመጣ አደረግሁ። አማትቤ አስነሳሁት። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ አሁንም ሽማግሌውን አስቀደሙ።

መዝጋቢዋ ስማቸውን አስገባች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ድርሻቸውን ወስደዋል ይላል።»

ተመልሼ የሰርቨሩን መዝገብ አየሁ። ጠዋት የላክነው ጥያቄ ለካ ደርሷል፤ እዚያም ተጽፏል። መልሱ ሲመለስ ነው እኛ መጠበቅ ትተን የዘጋንበት።

«ማነው የወሰደው?» አሉ ሽማግሌው።

«አንቱ ነዎት ይላል፣ አባባ።»

«እኔ? በምን ጭኜ? ከዚህ መስኮት መች ተነቃነቅሁ!»

«እኛ እንመሰክራለን!» ብሎ ሰልፉ ጮኸ።

አለቃዬን ሰርቨሩ ጋ ወስጄ የተቋረጠበትን አሳየሁት። «አምንሻለሁ» አለኝ፤ «ግን ያለ ደረሰኝ መጋዘን አስከፍቼ በኦዲት ልጠየቅ? ምስክር እዚህ ሲስተም ውስጥ የት ይገባል?» ወደዚያ ከተማ መልሼ ደወልሁ። ስረዛ በደብዳቤ ነው፣ ሰኞ ይታያል ተባልሁ።

ከዚያ በኋላ ያስቀደሟቸው ልጆች አንድ በአንድ ደረሰኛቸውን ወሰዱ። ገጹ ይፈጥን ነበር፤ እኔ ነኝ ያፈጠንሁት። በወረፋቸው ከኋላ ቢቆዩ ኖሮ እሳቸውም በፈጠነው ሰዓት ይደርሱ ነበር። ያከበርናቸው መስሎን በተበላሸው ሰዓት ላይ ጣልናቸው። አንዱ ልጅ ከራሱ ኩንታል ሊያካፍላቸው ቢለምናቸው «የልጆችህን ጉሮሮ አልቀማም» ብለው እምቢ አሉ። የመጨረሻው ጆንያ ሲወጣ አዩት፤ ከዚያ ወጡ።

ሰኞ ደብዳቤው ሄደ። መልሱ የመጣው መጋዘኑ ተጠርጎ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሲስተሙ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይሰጥ በመከላከል በትክክል ሠርቷል ይላል፤ እደላውም ስለተዘጋ ስረዛው አያስፈልግም። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ችግሩ በባለሙያዋ ጥረት ተፈቷል ብሎ አስጨበጨበልኝ። እጅ ነስቼ ተቀመጥሁ። ያን ሳምንት ውዳሴ ማርያም ስደግም ከንፈሬ እንጂ ልቤ አልነበረም።

ምዝገባው ላይ ወደተጻፈው የሽማግሌው ልጅ ስልክ ደወልሁ። «ጤፉን ዘራነው፣ እንዲሁ በባዶው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ለአባቱ ሰጠ። የተባለውን ሁሉ ነገርኋቸው።

«እሺ ልጄ፤ የዘንድሮው ሄደ» አሉኝ በመጨረሻ። «የከርሞውንስ አሁኑኑ ወስዶብኝ ይሆን? እስቲ እዪልኝ።»