ሮብሌ አራግፍ እና የከልቱን ፑሌጃ

በርበራ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ወይ ገና አልተወለደም ወይ እንግዳ ነው። መካኒኩን ሮብሌን ከተማው ሁሉ «ሮብሌ አራግፍ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የወደብ ሾፌሮች ናቸው፤ አልዋሹበትም። ከሮብሌ ጋራዥ ይዛ የገባችውን ዕቃ ሁሉ ይዛ የወጣች መኪና የለችማ። ሞተር ፈትቶ ሲገጥም አንድ ሁለት ነገር ይተርፈዋል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ደንግጦ እንደገና ይፈታ ነበር። እሱ ግን የተረፈውን ብሎን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ፣ «ይኸው፣ ድሮም ሸክም ነበር» ይላል። የሚገርመው መኪኖቹ ይሄዱለታል፤ በሜዳ ላይ ማለቴ ነው።

ይህ ጠባይ አብሮት የተወለደ አልነበረም። ወጣት ሳለ ወደቡ የጣለውን ገመድና ቆርቆሮ ሁሉ እየለቀመ ቤቱን የሚሞላ ሰው ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ዓመት ግን ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እሷን እሷን አለው። አልጋውን ለጎረቤት፣ ሳጥኑን ለዘመድ፣ ድስቱን ለአላፊ አግዳሚው አድሎ በአንድ ምንጣፍና በአንድ ኩባያ ቀረ። «ቀለለኝ» አለ። ሳይቀለው አልቀረም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ እጁን መግታት አቃተው። የማይሠራ ነገር ካየ ፈትቶ ካልጣለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር ነው እንግዲህ ከልቱንን የወደዳት። ከልቱን ባሏ የሞተባት፣ በራሷ አነስተኛ አውቶቡስ የምትተዳደር፣ ቁመቷም ምላሷም ረጅም የሆነ ሴት ናት። ወንድሟ ኢጌ ይነዳል፣ እሷ ደግሞ ተሳፋሪውንም ኢጌንም ትነዳለች። የሐምሌ ወላፈን መጥቶ በርበራ እንደ ምድጃ ስትግል፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሼኽ ከተማ ብርድ የሚሸሸውን ሕዝብ በዳገቱ የምታወጣው ይህቺ አውቶቡስ ናት። የዚያን ዓመትም ጉዞው ሲቃረብ የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሮብሌ ተጠርቶ ከልቱን ደጅ መጣ። ሞተሩን ዐየው፤ ከዚያ ሞተሩን ማየት ትቶ እሷን ያይ ጀመር።

«ከልቱን፣ እኔ ነገር ማሳመር አላውቅም። ላገባሽ ነው የምፈልገው» አላት።

«እኔ ደግሞ ቺንጋ ላስቀይር ነው የጠራሁህ።»

«ሁለቱም ይሆናል።»

ከልቱን በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ዐይኗ ግን ስቋል። ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። ሮብሌ ግን ልቡ ጮቤ እየረገጠ ስለነበር ምላሱን የሚይዝለት አልነበረም።

«አሮጊቷስ? ቡርዖ ልጆች አሏቸው አይደል? እነሱ ጋ ይሄዱ የለ?»

አሮጊቷ የተባሉት፣ ሰፈሩ በአክብሮት አየዮ፣ አያቴ፣ የሚላቸው ደሀቦ ናቸው፤ የከልቱን የሟች ባሏ እናት። ልጃቸው ከሞተ በኋላም ከምራታቸው ቤት አልወጡም። አይጠርጉ፣ አያበስሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ተቀምጠው ኢጌን ይሰድባሉ፣ ከልቱንን ይገሥጻሉ፣ ሁለቱ ሲኳረፉ ካላስታረቁ እራት አይቀምሱም።

የከልቱን ዐይን መሳቁን አቆመ። «ቺንጋውን ቀይር» አለችው። «ሲጢጥ የምትለዋን ትንሿን ፑሌጃ ግን እንዳትነካት፤ የእጅህን ዐመል አውቀዋለሁ። ዳገቱን ስንወጣ አንተም አብረኸን ና። መልሴን ሼኽ ከተማ ስንደርስ እነግርሃለሁ።»

ሰውዬው ከዚህ ሁሉ የሰማው «አብረኸን ና» የምትለዋን ብቻ ነው። ወደ ጋራዡ ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካም። የሚጠላውን የዓሣ ነጋዴ እንኳ ሰላም አለው፤ ነጋዴውም ምን ሊበደረኝ ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ዋለ።

አውቶቡሷ ጋራዥ ገባች። ሮብሌ ሞተሯ ላይ ተደፍቶ ትንሿን ፑሌጃ አፍጥጦ ተመለከታት። ቺንጋው የሚያዞራቸው ሌሎቹ ፑሌጃዎች ሥራ አላቸው፤ አንዷ የውሃውን ፓምፕ ታዞራለች፣ አንዷ ዲናሞውን። ይህቺ ምንም አታዞርም። የቺንጋውን ጀርባ ተጭና፣ አብራ እየተሽከረከረች፣ ባረጀ ኩሽኔታዋ ሲጢጥ ሲጢጥ ትላለች። አንዴ ዞር አለ፤ ተመልሶ መጣ። ከልቱን አትንካት ብላለች። ግን ያለ ሲጢጥታ፣ ጸጥ ባለ መኪና ዳገቱን ብትወጣ ደስታዋ እንዴት ይሆን? ይህን ሲያስብ እጁ መፍቻውን አንስቶ ነበር። ፈታት። አጠር ያለ አዲስ ቺንጋ ገጠመና ሞተሩን አስነሳ፤ አንዲት ድምፅ የለም። ደስ ብሎት ብቻውን ጨፈረ። ፑሌጃዋንም አጥቦ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ ሼኽ ከተማ ሲደርሱ «ይኸው፣ ያለ እሷ ወጣሽ» ብሎ ሊያበረክትላት ነው እኮ።

የጉዞው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጢሙን ሂና ተቀብቶ መጣ። አየዮ ደሀቦ ከሾፌሩ ጎን፣ ልክ ሞተሩ ላይ ባለው ወንበር ተሰይመዋል። ከኋላ ሴቶቹ ገና ከተማው ሳይጠፋ ዘፈኑን አቀለጡት። ጣሪያው ላይ ፍራሽ በፍራሽ ነው። በሜዳው አውቶቡሷ ጸጥ ብላ በረረች፤ ሮብሌም በየመንደሩ ከልቱንን ሰረቅ እያደረገ ያያል።

ዳገቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ጮኸ። ሁለተኛው ላይ ጩኸቱ ከዘፈኑ በለጠ። ሦስተኛው ላይ አየዮ ደሀቦ ዞር አሉ።

«ኢጌ፣ ወንበርህ ሊቀቅለኝ ነው።»

«ትንሽ ይታገሱ አየዮ፣ ደርሰናል።»

«እኔማ በስያለሁ። ጨው ብቻ ነው የቀረኝ።»

ይህን ከማለታቸው እንፋሎት ቡልቅ አለ፤ ኢጌም መኪናዋን ከገደሉ ራቅ አድርጎ አቆማት። ሮብሌ ከመቀመጫው ተነሣ። ሞተሩ ያለው ከአሮጊቷ ሥር ነውና ፊታቸው ሄዶ ቆመ።

«አየዮ፣ ትንሽ ቢነሱልኝ።»

«አሁንም ልታስነሳኝ? ሳታገባ ከቤቴ ልታስወጣኝ የጀመርከውን ጨርሰው በለኛ።»

ሴቶቹ ደግፈው አወረዷቸው። ወንበሩ ተነሣ። ከልቱን ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች።

«ፑሌጃዋ የታለች?»

ሮብሌ ከኪሱ መሐረቡን አወጣ። አንዷ ሴት ቀለበት መስሏት እልል አለች። መሐረቡ ሲፈታ ዳገቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከልቱን ብቻ አልሳቀችም። እሱ ግን ሳቁንም አልሰማም። ሞተሩን እያየ ነበር። አዲሱ ቺንጋ የውሃውን ፓምፕ ዳር ዳሩን እየላሰ ያልፋል እንጂ አቅፎ አይዝም። ሜዳ ላይ ያ መላስ ይበቃው ነበር። ጭነት ሲመጣ ግን ተንሸራተተ፤ ውሃው መዞር አቆመ። ለካ ያቺ ምንም የማታዞር ፑሌጃ ናት ቺንጋውን ተጭና ከሌሎቹ ጋር ታስተቃቅፈው የነበረችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «እመልሳት ነበር፤ ግን ይህ ቺንጋ ያጥራታል። አሮጌው ደግሞ በርበራ ቀርቷል።»

«ያ የተሰነጣጠቀው ጥቁር ነገር ነው?» አሉ አየዮ ደሀቦ። «መኪናዋን ልናወጣ ስንመጣ ከደጅህ አንስቼዋለሁ። አንተ የጣልከው ሁሉ ቆሻሻ ነው ያለህ ማነው? ፍራሼን አስሬበታለሁ።»

ኢጌ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቺንጋውን ፈታ። ፍራሹ የታሰረው በእሱ ብቻ ኖሮ፣ ሲለቀቅ ተንሸራቶ መሬት ወደቀና እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ። ሮብሌ በዚያ ነጭ ሸሚዝ፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ ተከተለው። ፍራሹ ጥምዙ ላይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እሱም ከፍራሹ ጋር ተጋጨ። ተሸክሞት አቧራ ለብሶ ሲመለስ ከልቱን መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያን ሳቅ ሲያይ እሱም ፍራሹን እንደተሸከመ መሳቅ ጀመረ፤ ማቆምም አቃታቸው።

ሞተሩ እስኪበርድ ፑሌጃዋን ቦታዋ መለሳት። ለደረቀው ኩሽኔታ ቋንጣ በቅቤ ከተዘፈቀበት ከአየዮ ደሀቦ ጣሳ ቅቤ ጨልፎ ቀባ፤ አሮጌውን ቺንጋ ገጠመ፤ ራዲያተሩን ሞላ። አውቶቡሷ ቋንጣ ቋንጣ እየሸተተች፣ ቀስ እያለች፣ ሳትቆም ወጣች።

ሼኽ ከተማ ጉም ወርዶ ነበር። ሰዉ ዕቃውን ያወርዳል። ሮብሌ ነጭ የነበረውን ሸሚዙን ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ከልቱን ወደ እሱ መጣች። መልሱን ለመስማት ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው፣ አሁን አፏን ስትከፍት ፈራ። ትቷት ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«አየዮ፣ ያን ቀን ደጃችሁ የተናገርኩትን ሰምተዋል?»

«መጋረጃ እንጂ ግንብ መሰለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ። ከልቱን እሺ ካለችኝ አብረውን ይኑሩ። ከቤትዎ እንዳይወጡ እለምንዎታለሁ።»

አየዮ ደሀቦ ከሂናው ጢም እስከ አቧራው እግር አንዴ ቃኙት።

«እኔማ ከቤቴ መቼ ወጣሁ? የተቸገርነው አንተን እናስገባህ ወይስ እንተውህ በሚለው ነው» አሉና ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከልቱን ሻሿን አፏ ላይ ሳትስብ፣ ሳቋን ሳትደብቅ ሮብሌን አየችው።

«ይግባ፣ እናቴ» አለች።