የአዴ ሎኮ መቀነት

ባለፈው ሳምንት ወገቤ ያዘኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ እዚያው ቀረሁ። ዕድሜዬን ረስቼ ነዋ! ልጆቼ ደግፈው እዚሁ ነገሌ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወገብ የምታሸው ልጅ ከመጨረሻዋ ልጄ አትበልጥም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና «ጋሼ፣ ቀበቶዎን ይፍቱና በሆድዎ ይተኙ» አለችኝ። እጄ ቀበቶዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቴ ጋለ። አዴ ሎኮ ትዝ ብለውኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ማትሪክ አልመጣልኝም፤ አባቴ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ስዘረጋና ሳጥፍ እውላለሁ። ያን ሰሞን ወይዘሮ ምንትዋብ የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ፣ ባላቸው በሥራ ተመድበው ሲመጡ አብረው ወደ ነገሌ መጡ። ውጭ አገር ለትምህርት በሄዱበት ዮጋ ተምረዋል። የቀበሌውን አዳራሽ ለምነው፣ ወገባቸውን ለሚያማቸው እናቶች ከሰዓት በኋላ ቀላል ቀላሉን ያሠሩ ጀመር። ያኔ ውሃ የሚመጣው በጀርባ ነው፤ ወገቧን የማያማት እናት ማን ነበረችና! ግን መጀመሪያ ሰው ዝር አላለም። ቤት ለቤት ዞረው፣ ለምነውና ተለማምጠው ነው ያመጧቸው።

እኔ ሰሌን ላነጥፍ ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ወይዘሮዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱበት ጊዜ ስለቀረበ የሚተካቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። «አንተ ልጃቸው ነህ፣ አያፍሩህም» ብለው ጠዋት ጠዋት ለብቻዬ ያሠለጥኑኝ ጀመር። የተራራ አቋቋም፣ የድመት ጀርባ፣ የሕፃን አተኛኘት። ከሁሉም በላይ ግን ትንፋሽ። «ሆድ ከታሰረ ትንፋሽ አይገባም» ይሉኛል፤ እኔም ቀበቶዬን ፈትቼ ወንበር ላይ ጣል አደርጋለሁ። ከሰዓቱን ለእናቶቹ ሲያሠሩ በሩን ስለሚዘጉ እንዴት እንደሚያሠሯቸው አይቼ አላውቅም። አቤት ኩራቴ ግን! ጓደኞቼ ወርቅ ፍለጋ ሻኪሶ ሲወርዱ እኔ አስተማሪ ልባል ነው፤ በሰፈሩ የማልፈው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

መጨረሻ ላይ ፈተና ሰጡኝ። አዲስ የሚጀምሩ እናቶችን ራሴ ሰብስቤ፣ እሳቸው እያዩኝ ላሠራ። «እስኪያልቅ ከቆዩልህ አዳራሹን ላንተ ትቼልህ እሄዳለሁ» አሉ። እናቴን ለመንኳትና ጎረቤቶቿን ይዛልኝ መጣች። ከነሱ መሃል አዴ ሎኮ ነበሩ፣ ወተት የሚያመጡልን የቦረና እናት። ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ያደግኩት በሳቸው ወተት ነው። ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕሙ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

አጀማመሬስ ጥሩ ነበር። የሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የቀዩ አፈር ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ድመቷ ላይ ስንደርስ እናቴ «በስተርጅና ደግሞ አይጥ ልናባርር ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ አዳራሹን የተረከብኩ መሰለኝ። ከዝናቡ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሁን ትንፋሽ እንሠራለን። ሁላችሁም መቀነታችሁን ፍቱ!» አልኩ።

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እኔ ሞኙ በዝናቡ ምክንያት ያልሰሙኝ መሰለኝ። አዴ ሎኮማ አማርኛው አልገባቸው ይሆናል ብዬ አጠገባቸው ተንበረከክኩና፣ ላግዛቸው የመቀነታቸውን ጫፍ ያዝኩ።

የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ እኮ! አባቴ ስንት ዘመን መቀነት ሲሸጥ አጥፎ ያቀብላል እንጂ የሴት ወገብ ላይ ለክቶ አያውቅም። የእናት መቀነት በወንድ ፊት አይፈታም፣ በገዛ ልጇም ፊት ቢሆን። ይህን በቤቴም በሱቁም እያየሁ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ከጭንቅላቴ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዴ ሎኮ እጄን ያዙት። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። «ዲሲ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ተወው ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ተከናንበው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በዚያ ዝናብ! እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» ብላኝ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ምንትዋብ ላስቆምህ ብለው ተነሥተው ነበር፣ እጄ ቀደማቸው እንጂ። ባዶውን ሰሌን እያዩ፣ «እኔ እንኳን ሴቷ ለየብቻቸው ጨርቅ ጋርጄ ነው የማስፈታቸው» አሉ። ቀጥለውም «የአገሩ ልጅ ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ እናቶቹ ለሳቸውም ቢሆን ተመልሰው አልመጡም። ያንን ሁሉ ደጅ ዞረው የሰበሰቡትን እኔ በአንድ ከሰዓት በተንኩባቸው።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ሎኮ እንደወትሯቸው ወተት ይዘው መጡ። ጓዳ ተደበቅኩ። «ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጥተው «ልጁስ ደህና ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። እናቴ ወተቱን ቀድታ ሰጠችኝ፤ ሳልቀምሰው መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ጓዳው ነበር መሸሸጊያዬ። ቆይቼ ክብረ መንግሥት ሄጄ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ነገሌ ስመለስ አዴ ሎኮ አርፈው ነበር። ይቅርታ ሳልላቸው ቀረሁ።

እጄ ቀበቶዬ ላይ እንዳለ ቀና ስል፣ ልጅቷ አንሶላውን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋልኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

«ሲጨርሱ ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ፊትሽን ማዞሩን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ይኼ ደግሞ ይማሩታል እንዴ ጋሼ?» ብላ ሳቀች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ቀበቶዬን ፈታሁና በሆዴ ተኛሁ። ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩት። ወገቤን አሞኝ መስሏት «አይዞዎት፣ አሁን ይለቅዎታል» አለችኝ።